አልጋ ከነቁርሱ

ጡረታ የወጣ ሰው ቁጭ ብሎ ማሰብ ሲጀምር ቤተሰቡ ቶሎ ብሎ ሥራ ቢፈልግለት ጥሩ ነው። ሚስቴ ውዴ ይህን አሁን ታውቃለች። ያኔ አታውቅም ነበርና ዝም ብላ ተወችኝ።

ሞጣ ላይ ለብዙ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ውዴን ይዤ ወደ ተወለድኩበት ወደ ቢቸና ተመለስኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ልሁን እንጂ ከሞጣና ከቢቸና ሌላ ደህና አድርጌ የማውቀው አገር የለም። የዓለምን ወንዞች ግን በቃሌ እወርድላችኋለሁ። የገባነው አያታችን ባሠሩት ቤት ነው። ምድሩ በድንጋይና በጭቃ፣ ላዩ በሳንቃ የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ወደ ገበያው የሚያይ የእንጨት ሰገነት ያለው ባለ ፎቅ ቤት ነው። ዛሬ በቢቸና መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች ቆመዋል። ያም ሆኖ አንድ የባጃጅ ሾፌር «ፎቁ ጋ አድርሰኝ» ካላችሁት የሚያወርዳችሁ እኛ በር ላይ ነው።

ቤቱን ሲጠብቁ የኖሩት የአባቴ እህት እትዬ ባንቺ ናቸው። ተወልደው ያደጉበት፣ ያረጁበትም እዚያው ነው። በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ተድረው ሄደው ነበር አሉ። የባላቸው ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ሆኖ ቢያገኙት «እዚህ ውስጥማ ጎንበስ ብዬ አልኖርም» ብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለለቅሶ ካልሆነ ከግቢ የወጡበትን ቀን የሚያስታውስ የለም።

እንግዲህ እንደገባን ሰሞን አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይሄነው ደወለልኝ።

«ቤቱን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ» አለ። «አፍርሶ ሕንፃ ይሠራበታል።»

«እትዬ ባንቺስ?»

«ለእሳቸው ከታች አንድ ክፍል ይሰጣቸዋል።»

«ከታች ምንድነው የሚሆነው?»

«ሱቅ ነው። ከሱቁ ጀርባ ማለቴ ነው።»

ለጣሪያ ሲሉ ባል የፈቱ ሴትዮ ከሱቅ ጀርባ፣ በሳሙና ካርቶንና በዘይት ጀሪካን መሐል ተቀምጠው ታዩኝ። አፌ ከእኔ ቀደመ።

«አይሸጥም» አልኩት። «ሥራ ልጀምርበት ነው።»

«የምን ሥራ?»

የምን ሥራ እንደሆነ እኔም በጉጉት እየጠበቅሁ ነበር። ከጥቂት ቀን በፊት በቴሌቪዥን አንድ ነገር አይቻለሁ፤ ፈረንጆች የአያቶቻቸውን አሮጌ ቤት ጠራርገው እንግዳ ያሳድሩበታል፤ ጠዋት ቁርስ ያበላሉ፤ በቃ።

«አልጋ ከነቁርሱ» አልኩት።

ጋሼ ይሄነው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ «እሺ፤ ለመስቀል እመጣለሁ። ያኔ ቤቱ ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ካላየሁ ክርክር የለም፤ ይሸጣል» አለና ዘጋው።

ለውዴ ስነግራት ያነሳችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ቁርሱን የሚሠራው ማነው?» አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።

እትዬ ባንቺ ዘንድ ስገባ ደግሞ ነገሩን አለዘብኩት። «እትዬ፣ ላይኛውን ክፍል አጽድተን እንግዳ ልናሳርፍበት አስበን ነበር» አልኳቸው።

«እንግዳ መች ተከልክሎ ያውቅና ነው የምታስፈቅደኝ?» አሉና ጥጣቸውን መፍተል ቀጠሉ። ስለ ክፍያ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ፊት የቆምኩ ሰው እሳቸው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል።

አልጋዎቹን ሞጣ ባሉት የቀድሞ ጎረቤቴ፣ በአናጢው፣ አሠርቼ በአይሱዙ አስጫንኩ። ቢቸና የደረሱት ግን በቅዳሜ ገበያ፣ ከብቱና እህሉ መንገዱን በዘጋበት ሰዓት ነበር። መኪናው አላልፍ ስላለ ተሸካሚዎች አልጋዎቹን እየተሸከሙ በገበያው መሐል አለፉ። ፍራሾቹ ከኋላ ተከተሉ። እኔ ከፊት ሆኜ «እለፉ፣ እለፉ» እያልኩ መንገድ አስለቅቃለሁ። ማታ በሬ ማን በስንት እንደሸጠ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ወሬው ሁሉ የእኛ አልጋ ሆነ። አመሻሹ ላይ አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ባንቺን የሚያገባት የየት አገር ሰው ነው?» አሉኝ።

አልጋዎቹ በደረጃው አልወጡም። አያታችን ደረጃውን ያሠሩት ለአንድ ቀጭን ሰው ነው። በገመድ ጎትተን በሰገነቱ በኩል ስናስገባቸው የሰገነቱን አንድ መደገፊያ ይዘው ገቡ። ከውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀን። በትልቁ ክፍል መሐል ላይ አንዱ ሳንቃ ሲረግጡት እንደ እንጀራ ለስለስ ይላል። ምስጥ በልቶታል።

«ይህን ሳንቃ አስቀይር» አለች ውዴ።

«እንግዳ መግባት ይጀምርና አስቀይራለሁ» አልኳትና ቆንጆ ምንጣፍ አነጠፍኩበት። በዚያ ቀን ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያኮራኝ ያ ምንጣፍ ነበር።

የቀረው ማስታወቂያው ነው። ከተማችን ውስጥ ታርጋና ታፔላ የሚጽፍ ወጣት አለ። «አልጋ ከነቁርሱ አለ» ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። እሱም ፊደሉን ገና ከመጀመሪያው አግዝፎ ጀመረና ቦታ አለቀበት። ሰሌዳውን አምጥቶ ሲያሳየኝ «አልጋ አለ» የሚለው ከገበያው ማዶ ይነበባል፤ «ከነቁርሱ» የሚለው ግን ከታች ጥግ ላይ፣ መነጽር ላደረገና ጎንበስ ላለ ሰው ብቻ ነው። ዝናብ ሊመጣ ስለነበር እንዳለ ሰቀልነው።

አገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ከተማ «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ የሚሰቀለው መናኸሪያው አካባቢ ነው። ሰው ለምን እንደሚገባበት ሁሉም ያውቃል፤ የሚያውቅ መሆኑን ግን ማንም አይናገርም።

በዚያው ዕለት ጀምበር ስትጠልቅ አንድ ሞቅ ያለው ጎልማሳ አንዲት ሴት አስከትሎ መጣ። በሩን የከፈቱት እትዬ ባንቺ ናቸው። እኔ ከጓሮ ስደርስ ሰውየው «እናቴ፣ ለአጭር ጊዜ ስንት ነው?» ሲላቸው ሰማሁ።

«ለአጭር ጊዜ ምን ያስቸኩላችኋል?» አሉ እትዬ ባንቺ። «ግቡ፣ ተቀመጡ። ዝናብ ነው።»

አስገብተው አስቀመጧቸው። ከዚያ ለገባ ሰው ሁሉ የሚያቀርቡትን ጥያቄ አቀረቡ። «የማን ልጅ ነህ?»

ሰውየው የአባቱን ስም ሲጠራ ስካሩ ግማሹ የለቀቀው ይመስለኛል። የእትዬ ባንቺ ፊት ግን በራ። እናቱን ያውቋቸዋል፤ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ።

«ይቺስ ባለቤትህ ናት?»

«አዎ» አለ ወለል ወለሉን እያየ።

«እኔ ሠርጉን ሳልሰማ። በል ነገ ከቅዳሴ ስንወጣ እናትህን እንኳን ደስ አለሽ እላታለሁ።»

ሰው እንዲያ ሲገረጣ አይቼ አላውቅም። የቀረበለትን ጠላ ሳይቀምስ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። እትዬ ባንቺም በበራፉ ቆመው «ጨዋ ልጅ ነው፤ ምነው እንዲህ ቸኮለ» አሉ።

በማግስቱ የነፍስ አባታቸው መምሬ ዋሴ መጡ። መምሬ ዋሴ ቅኔ ያስተማሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ማስታወቂያው ሥር ቆመው አነበቡት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የጻፍከው እውነት ነው። አልጋ አለ። እኔም ቤት አለ። አንተ ግን ለምን ውጭ ጻፍከው?»

ማስታወቂያውን አወረድነው። እሳቸውም ሌላ ስም ላውጣልህ ብለው ትንሽ ቆዝመው «ማኅደረ እንግዳ» አሉ። የእንግዳ ማደሪያ ማለት ነው፤ ለጆሮም ያምራል። ወጣቱ በአዲስ ሰሌዳ ላይ በጥንቃቄ ጻፈው። ለሳምንት ያህል የመጣ እንግዳ የለም። የመጡት ገበሬዎች ናቸው። ለካ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው «ማኅደር» ሲባል የሚታየው የፋይል መደርደሪያ ነው። አንዱ የመሬቱ ማኅደር እንደጠፋበት ነግሮኝ፣ እዚህ የለም ብዬ ደጋግሜ ብምልለትም፣ ጉቦ የፈለግሁ መስሎት ዶሮ ይዞ ተመለሰ።

በዚህ መሐል ፍልሰታ ገባ። ይህን ስነግራችሁ ጂኦግራፊ እንጂ አስተዋይነት እንዳላስተማርኩ ልብ በሉልኝ። ሕፃን አዋቂ ሳይል አገሩ ሁሉ በሚጾምበት፣ ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ በሚወጣበት ወቅት ቁርስ የሚያበላ ቤት ከፍቻለሁ። እትዬ ባንቺን «ቁርስ በስንት ሰዓት እናቅርብ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ቅዳሴ ሲወጣ ነዋ፣ በዘጠኝ ሰዓት» አሉኝ። ውዴ ድስቷን እያጠበች ጀርባዋን አዞረችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም።

የመጀመሪያዋ እንግዳ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ሲስተር ሐያት ትባላለች። ከጅማ ተመድባ ወደ ቢቸና ጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ናት። የሚከራይ ቤት እስክታገኝ ማረፊያ ፈልጋ፣ የባጃጁ ሾፌር «ፎቁ ጋ ይሞክሩ» ብሎ አምጥቶ ጣላት። እትዬ ባንቺ እንደ ልማዳቸው የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ። አባቷ ሼህ እንደሆኑ ነገረቻቸው። ከጎጃም ሰው ጋር ትንሽ ከተጫወቱ ዝምድና ሳያገኙ የማይለቁት ሴትዮ ጅማ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ጠፋባቸው። አሰቡ አሰቡና «እናትሽ እሩቅ ከሆነች እንግዲህ ልጄ ነሽ» ብለው ጨረሱት።

ጠዋት ሐያት ሥራ ትገባለች፤ አትጾምም። እትዬ ባንቺ እንግዳ ጾሙን ከቤታቸው እንዲወጣ አይፈቅዱም። ስለዚህ በዚያ ቤት፣ በዚያ ወር፣ ቁርስ የምትበላ አንዲት ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ትኩስ ዳቦ፣ ማርና ሻይ በትሪ ይዤ ደረጃውን የምወጣው እኔ ነኝ፤ ባዶ ሆዴን፣ አፍንጫዬን ወደ ጎን አዙሬ።

ነገሩ የፈነዳው ሐያት ደመወዟን በተቀበለች ዕለት ነው። ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ በቅን ልብ፣ «ጋሼ፣ ሒሳብ ስንት ደረሰብኝ?» አለችኝ።

እትዬ ባንቺ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ምን አለች?» አሉኝ።

ውዴ እውነቱን ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ እትዬ ባንቺ እኔን ማናገር ተዉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «ውድነሽ፣ ባልሽ በአባቴ ቤት ውስጥ በልቶ ያደረን ሰው ዋጋ እንደሚጠይቅ ለማን ልንገር? እስቲ ጠይቂልኝ» ይላሉ። እኔም መልሱን በውዴ በኩል እልካለሁ። ጉዳዩን የፈታችው ሐያት ናት።

«እማማ» አለቻቸው፣ «ይህን የምከፍለው ከኪሴ አይደለም። ለተዛወረ ሠራተኛ ማረፊያ ብሎ የሚሰጠው መንግሥት ነው።»

«የመንግሥት ነው?»

«የመንግሥት ነው።»

እትዬ ባንቺ እንዝርታቸውን መልሰው አነሱ። «የመንግሥት ከሆነማ ይክፈል» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ለእሳቸው መንግሥት የላከው ነው።

ሁለተኛው እንግዳ ዳዊት የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ዝናብ እያራገፈ ገባ። ወደ ሞጣ ለሥራ እንደሚያልፍና አንድ ሁለት ቀን ማረፍ እንደሚፈልግ ነገረን። እትዬ ባንቺ ሲጠይቁት ሲጠይቁት የእናቱ እናት የደጀን ሰው መሆናቸውን አወጡ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀላል ነበር። የደጀኗን አያቱን አጎት ከእኛ ወገን ካገባች ሴት ጋር አገናኝተው ዘመዳቸው አደረጉት።

«ትጾማለህ አይደል ልጄ?» አሉት ቀጥለው።

ዳዊት ግድግዳው ላይ ያለውን የማርያም ሥዕል አየ፣ እትዬ ባንቺን አየ፣ «አዎ እማማ» አለ። ልቡ እንደማይጾም የሚናገር፣ እኔ ከተማሪዎቼ ፊት የማውቀው ምልክት ፊቱ ላይ ነበር።

ጠዋት ሰገነቱ ላይ ሐያት ዳቦዋን ማር ላይ እየነከረች ስትበላ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ምራቁን ይውጣል። አዘነችለትና ቁራሽ ዘረጋችለት። እትዬ ባንቺ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ቅዳሴ እየወጡ ከታች ሆነው አዩአት። «ተይው ልጄ፤ እሱ ይጾማል» አሉ። ዳዊት የተዘረጋ እጁን ወደ ፀጉሩ ወሰደው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ባንቺ ከቅዳሴ ተመለሱ። መምሬ ዋሴም ጸበል ሊረጩ አብረው መጡ። ምድር ቤት ተቀምጠን ማዕዱ ቀርቧል፤ መምሬ ቆመው ጸሎት ጀምረዋል። ከላይ ግን የዳዊት እግር ይሰማል። ከጥግ ወደ ጥግ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ዱብ ዱብ ይላል፤ ደግሞ ይሄዳል። ረሃብ ነው ብዬ አዘንኩ። ድንገት ምንጣፉ ትዝ አለኝ። ብድግ ስል ጊዜው አልፎ ነበር።

የምድር ቤታችን ኮርኒስ አቡጀዴ ነው፤ ከሳንቃው ሥር በድሮ ጊዜ የተወጠረ ነጭ ጨርቅ። መጀመሪያ አንድ ነገር ጓ አለ። ከዚያ አቡጀዴው ተቀደደና አንድ እግር፣ ጫማና ሰማያዊ ካልሲ ያደረገ፣ እስከ ጉልበቱ በመምሬ ዋሴ ፊት ወረደ። ከእግሩ ጋር የዘመናት አቧራ፣ አይጥ ያጠራቀመው የበቆሎ ፍሬና አንድ የጠፋ ማንኪያ ወረዱ። መምሬ ዋሴ ጸሎቱን አላቋረጡም። ፊታቸው ድረስ መጥቶ ለተዘረጋላቸው አካል ሁሉ መስቀል ማሳለም ስለለመዱ ካልሲውን በመስቀላቸው ነካ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት።

«አሜን» አለ ከላይ ዳዊት፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ። «ግን አባቴ፣ መጋዝም ካለ አብሮ ቢመጣ።»

መጋዙን ከጎረቤት አመጣሁ። እኔ ከላይ ሳንቃውን ስቆርጥ ውዴ ከታች እግሩን ደግፋ ይዛ ነበር። በባጃጅ የተጠራችው ሐያት ደርሳ ቁስሉን አጠበችና አሰረችው። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ዱባ አክሏል። «ይህን እግር እንዳትረግጥበት። ጉዞ የለም» አለችው።

እትዬ ባንቺ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። «የአባቴ ቤት እንግዳ ሰበረ» አሉ። «ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ።»

ያኔ ሳንቃው ከሥሬ ቢከፈትና ብሰጥም በወደድኩ ነበር። ምንጣፉን ያነጠፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ከሒሳቡ ጠብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ውዴ አስተርጓሚነት አናገሩኝ። «ነገ ጠዋት ሳንቃ ገዝተህ ና» አሉ። «ይህን ልጅ ደግሞ እስኪድን ከዚህ የሚያንቀሳቅሰው የለም። መምሬ፣ የታመመ ሰው ይጾማል?»

«የታመመ ይብላ» አሉ መምሬ ዋሴ፣ ከጥምጥማቸው ላይ በቆሎ እየለቀሙ።

አንድ ሰው በእግሩ መቁሰል እንዲያ ፊቱ ሲፈካ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ከማግስቱ ጀምሮ ሐያትና ዳዊት ሰገነቱ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቁርስ ይበሉ ጀመር። እኔ ትሪ እሸከማለሁ። እትዬ ባንቺም ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ትራሱን ያስተካክሉለታል፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ስለ ደጀን ዘመዶቹ ያወሩለታል። በዚያ ሰሞን አሥር ዓመት ያነሱ መሰሉ።

አንድ ቀን ዳዊት ብቻዬን ሲያገኘኝ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለኝ። «እኔ ሞጣ ሥራ የለኝም። ይህን ቤት ሊገዛ ያሰበው ሰውዬ ነው የላከኝ። ቤቱ ለማፍረስ ምን ያህል ሥራ እንዳለው እይልኝ ብሎኝ ነው። ወንድምዎም ያውቃሉ።»

ዱብ ዱቡ ለካ ረሃብ አልነበረም። ወለሉን እየፈተነ ኖሯል። «ታዲያ ምን አገኘህ?» አልኩት።

«አንድ የበሰበሰ ሳንቃ። ያውም በእግሬ» አለ። «ከዚያ ውጭ ግን ግድግዳው የክንድ ውፍረት አለው። ወለሉን የተሸከሙት ወራጆች ወይራ ናቸው። ከእኔ በኋላም ይቆማሉ።» ወደ ገበያው አየ። «ደግሞ እማማ የአያቴን አጎት በስም ያውቁታል። እኔ እንኳን አላውቀውም ነበር። እንዴት ብዬ ነው ይፍረስ የምለው?»

እዚያው እፊቴ ስልኩን አወጣና ለሰውየው ደወለ። ቤቱ ጠንካራ እንደሆነ፣ ለማፍረሱ የሚወጣው ሥራ ብዙ እንደሆነ፣ ከዚህ ጉዳይ እሱን እንዲተወው ነገረው። ሰውየው ምን እንዳለ አልሰማሁም። በማግስቱ ግን ጋሼ ይሄነው ደውሎ የተናገረኝን ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ቦታ አይቷል። «የላክነውን ሰው እግሩን ሰብራችሁ፣ አብልታችሁ አጠጥታችሁ አስቀራችሁት» አለኝ። «መስቀልን አልጠብቅም። ሌላ ገዢ ይዤ ራሴ እመጣለሁ።»

አዲሱ ዓመት በገባ በሳምንቱ መጣ። ገዢ አልያዘም፤ ቁጣውን ግን ይዞ ነበር። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ሱሪው በጭቃ ተለውሶ፣ ከመናኸሪያው በእግሩ ደረሰ። እንደ አጋጣሚ ያን ቀን ቤቱ ሞልቶ ነበር። ዳዊት ድኖ ከተመለሰ በኋላ ያወራላቸው ጓደኞቹ፣ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ ሁለት ጥንዶች፣ ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ገበያውን ያያሉ። እኔ ሰላም ልለው እጄን ስዘረጋ «ቆይ፤ መጀመሪያ ቤቱን ልየው» ብሎ በደረጃው ወጣ። ምን ሊላቸው እንደሆነ ስለማላውቅ ከታች ከእትዬ ባንቺ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ወደ ላይ አቆምኩ። ኮርኒሱ ገና አልተሰፋም፤ የላይኛው ወሬ አንድ ቃል ሳይጎድል ይወርዳል።

«ይቅርታ» አለች አንዷ እንግዳ፣ «እርስዎ እዚህ ነው የሚሠሩት?»

ጋሼ ይሄነው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ እንዲህ ተጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«እዚህ ነው የተወለድኩት» አለ በመጨረሻ።

«እውነት? የትኛው ክፍል?»

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ የእግሩ ድምፅ ወደ ጥግ ሄደ። «እዚህ ጋ፣ አልጋው እዚህ ነበር» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «ይህን መስኮት እኔ ነበርኩ ጠዋት ጠዋት የምከፍተው።»

«ማን ነው ያሠራው ቤቱን?» አለ አንዱ ወንድ።

ጋሼ ይሄነው ጀመረ። አያታችን ወራጆቹን ራሳቸው ጫካ ገብተው አንድ በአንድ እያንኳኩ እንደመረጡ ነገራቸው። ከዚህ ሰገነት ላይ ተቀምጠው ሕዝቡን ያስታርቁ እንደነበር፣ የተጣላ ሰው በእግሩ መጥቶ ተቃቅፎ እንደሚመለስ ነገራቸው። እንግዳ ካልመጣላቸው እህል አይቀምሱም ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰገነቱ ላይ ቆመው መንገደኛ ይጣሩ ነበር አላቸው። እኔ አባቴ ሲያወራ እንደሰማሁት ከሆነ አያታችን ምሳ ሰዓት ሲደርስ በር ይዘጉ ነበር። ሰገነቱንም ያሠሩት ከግቢው ድርቆሽ የሚሰርቃቸውን ሰው ለመያዝ ነው። ቢሆንም እንግዶቹ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ያዳምጣሉ።

«እንዲህ ያለ ቤት ሽጡልን ብሎ የጠየቃችሁ ሰው የለም?» አለች ያችው ሴት።

«ጠይቀው ነበር» አለ ጋሼ ይሄነው፣ ቆጣ ብሎ። «የአያት ቤት ይሸጣል እንዴ?»

ከታች ጥጥ ትፈለቅቅ የነበረችው ውዴ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ከላይ ወሬው ቀጥሏል፤ አያታችን አሁን ለተራበ አገር ጎተራቸውን እየከፈቱ ነው።

እትዬ ባንቺ እንዝርታቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ወደ ቀዳዳው አቅንተው ይሰማሉ።

«ይሄነው ስለማን ነው የሚያወራው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ስለ አባትዎ ነው፣ እትዬ።»

ጥቂት አዳመጡ። ጎተራው ተከፍቶ እህሉ ታድሎ አልቆ፣ ሕዝቡ እየመረቀ ሲበተን እትዬ ባንቺ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግ ሰው ነበሩ ማለት ነው» አሉ። «ባውቃቸው ደስ ይለኝ ነበር።»